የወርቂቱን ቃል ላላመኑት ክቡር ዳኛ

ለተከበሩ የስደተኞች ጉዳይ ዳኛ፣
የነፃነትና የሕግ የበላይነት መኖሪያ በሆነችው ታላቅ ሀገር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ለተቀመጡበት ወንበር ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት ከአምቦ ከተማ በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኛ በዚህ በኩል መብራቱ መጣ ሄደ እያለብን፣ ክረምቱም ዘንድሮ ጠንክሮብን፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እርስዎ እንደማያስታውሱኝ አውቃለሁ። የተነጋገርነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም እርስዎ ዝም እንድል አዘው እኔም ዝም ያልኩበት ጊዜ ነው። ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ ያን ዝምታ ተሸክሜ መኖር ስላቃተኝ ነውና፣ ድፍረቴን በሀገርዎ የታወቀ ቸርነት እንዲያልፉልኝ እለምናለሁ።

ማኅሌት ዘሩባቤል እባላለሁ፤ በአምቦ የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ዜጋ መምህርት ነኝ። ሥራዬ ለልጆች ስለ ሕግ፣ ስለ መብትና ስለ ነፃነት ማስተማር ሲሆን፣ ምሳሌ ባስፈለገኝ ቁጥር ከእርስዎ ሀገር ሌላ ወዴትም ሄጄ አላውቅም። አንድ ቀን «ማንኛውም ሰው ጥፋቱ በፍርድ ቤት እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ነው» የሚለውን ሳስተምር፣ ፍሮምሳ ዋቅጋሪ የሚባል ተማሪ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ይሄ የት ነው የሚሠራው?» አለኝ።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔ አልሳቅሁም። «እኛ ዘንድ ተጽፏል፤ ሲሠራ ማየት ከፈለግህ ግን» ብዬ የሀገርዎን ስም ጠራሁለት። ልጁ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ለፈተና መስሎኝ ነበር።

ፍሮምሳ አባቱ በልጅነቱ የሞተበት፣ እናቱ አዴ ወርቂቱ ጎጆ ከምትባለው የደጋ ከተማ የሚወርደውን ድንች አምቦ ገበያ እየቸረቸሩ ያሳደጉት ልጅ ነው። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ተማሪው ሰልፍ በወጣ ጊዜ ከተያዙት አንዱ እሱ ሆነ። ለወራት ታስሮ ሲፈታ የግራ ጆሮው መስማት አቁሞ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታውጆ እንደገና ሲፈለግ፣ ከመሰደዱ በፊት ሊሰናበተኝ መጣ። እኔም መምህርቱ አንድ ነገር ብቻ አደራ አልኩት። «ከደረስክ አትዋሽ። እውነቱን ንገራቸው፤ እነሱ ሰው ይሰማሉ።» ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ ተሳስቼ አስተምሬአለሁ፤ እንደዚያ በእርግጠኝነት ግን አልነበረም።

አሁን ምስጋናዬን በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስላደረጋችሁለት አቀባበል አመሰግናለሁ። ፍሮምሳ ስንቱን ሀገርና ስንቱን ጫካ አቋርጦ ድንበራችሁ ሲደርስ አልተደበቀም። ሕጋችሁ እንደሚለው በቀጥታ ወደ በሩ ሄዶ ጥገኝነት እንደሚጠይቅ ተናገረ። እናንተም እጁን ከወገቡ፣ ወገቡን ከእግሩ ጋር በሰንሰለት አያይዛችሁ ተቀበላችሁት። አዴ ወርቂቱ ይህን ሲሰሙ ወደ እኔ ነው የመጡት።

«ምን አጥፍቶ ነው?» አሉኝ።

«ምንም አላጠፋም፤ ጥገኝነት ነው የጠየቀው።»

«መጠየቅ ወንጀል ነው እንዴ?»

«ኧረ አይደለም። በሕጋቸው መብት ነው።»

«ታዲያ ለምን ታሰረ?»

እንዲህ ላለው ጥያቄ መልስ እየሰጠሁ ደመወዝ የምበላ ሰው፣ ያገኘሁት መልስ «ሥርዓቱ ነው» የሚል ብቻ ሆነ። አዴ ወርቂቱ ትክ ብለው አዩኝ። «እዚህ ፖሊስ ጣቢያም እንዲሁ ነበር ያሉኝ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ሁለተኛ፣ የእስር ቤታችሁን አደረጃጀት ሳላደንቅ ባልፍ ንፉግነት ይሆንብኛል። ልጁ እዚህ በታሰረ ጊዜ እናቱ ጠዋት ጠዋት ስንቅ ያደርሱለት ነበር። ዘበኛው ፊት አንዴ ጎርሰው ያስገባሉ፤ ምሳ ዕቃው ባዶውን ሲመለስላቸው ልጃቸው በሕይወት መኖሩን አውቀው ገበያቸው ይሄዳሉ። የእናንተ እስር ቤት ግን የማንንም እናት አያስቸግርም። ልጁ በሕይወት መኖሩን ያወቅነው አልፎ አልፎ በሚደውላት ስልክ ነው፤ ያቺም ወሬ ሳንጨርስ ትቋረጣለች።

ሦስተኛው የችሎቱ ቀን ጉዳይ ነው፤ ይህን በተራ ቁጥር መጨረስ መቻሌን እጠራጠራለሁ።

ፍሮምሳ ጠበቃ አልነበረውም። ሕጋችሁ ጠበቃ የመያዝ መብት ይሰጣል፣ ጠበቃውን ግን አይሰጥም፤ ይህን ልዩነት እኔ የሥነ ዜጋዋ መምህርት ያኔ ነው የተማርኩት። ያለው ምስክር እናቱ ብቻ ስለነበሩ እርስዎ በስልክ ቃላቸውን እንዲሰጡ ፈቀዱላቸው፤ በዚህም በእውነት ተደስተን ነበር። የአዴ ወርቂቱ አፍ መፍቻ ኦሮምኛ ቢሆንም፣ ፍርድ ቤትዎ ያገኘው የአማርኛ አስተርጓሚ ነው ተባለ። ይህን ስነግራቸው «የእኔ አማርኛ ድንች ለመሸጥ ነው እንጂ ልጅ ለማስፈታት ይበቃል ብለሽ ነው?» አሉኝ። ይበቃል ብዬ አደፋፈርኳቸው።

የቤቴ ኔትወርክ የተሻለ ስለሆነ እኔ ዘንድ መጡ። ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ቀሚስ ለብሰው፣ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጥኩት ስልክ ፊት እንደ ዳኛ ፊት ቆሙ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። እርስዎ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው መኖሩን ጠየቁ፤ እኔም የልጁ መምህርት እንደሆንኩና እንግሊዝኛ እንደምችል ተናገርኩ። በጣም በጨዋ ድምፅ እንዲህ አሉኝ። «ምስክሯን እንዳትረጂ። ድምፅሽን ከሰማሁ መስመሩን አቋርጣለሁ።»

ከዚያ የመንግሥት ጠበቃው ልጁ መቼ እንደታሰረ ጠየቃቸው። አዴ ወርቂቱ አላመነቱም።

«የኅዳር ሚካኤል ማግስት፤ ሁለት ሺህ ስምንት።»

አስተርጓሚው ወሩን ወደ እናንተ ወር መለሰው፤ ዓመቱን ግን እንዳለ ተወው። ፍሮምሳ አስቀድሞ በእናንተ አቆጣጠር 2015 ብሎ ነበር፤ ሁለቱም ያሉት ያንኑ አንድ ቀን ነው። የእኛ ዘመን ከእናንተ ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሚቀር እዚህ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ያውቀዋል። እናንተ ዘንድ በ2008 ፍሮምሳ መንገድ ላይ ኳስ የሚያባርር ሕፃን ነበር፤ ለፖለቲካ እስረኝነት ቢታጭ እንኳ ቁመቱ አይፈቅድለትም ነበር።

ጠበቃው ደግሞ ጠየቀ፣ «ስለ ዓመቱ እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ! እናት ይህን ትረሳለች?» አሉ፤ አሉና በደንብ እንደመለሰ ተማሪ ወደ እኔ ዘወር ብለው አዩኝ።

እኔም ራሴን ነቀነቅሁላቸው።

ሁሉንም ሰምቼ ነበር፣ ክቡር ሆይ። ስህተቱን በዚያችው ቅጽበት አውቄዋለሁ። «ይቅርታ፣ የዘመን አቆጣጠራችን ይለያያል» ለማለት አንድ ትንፋሽ በቂ ነበር። መስመሩ እንዳይቋረጥ ፈርቼ ነው ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ፤ እውነቱ ግን ከዚያ የባሰ ነው። እንዲህ ያለ ታላቅ ፍርድ ቤት በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር አይሳሳትም፣ አንድ ሰው ያስተውለዋል፣ ጣልቃ ብገባ እኔ ነኝ ሥርዓት የማላውቀው ብዬ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ካስተማርኳቸው ልጆች ሁሉ ትምህርቴን ከልቧ ያመነችው እኔው ራሴ ነበርኩ። ፍሮምሳም በሰዓቱ አላረመውም። አስተርጓሚው የተቀመጠው በግራው በኩል፣ በማይሰማው ጆሮው በኩል ነበርና የእናቱ መልስ እንዴት እንደተተረጎመ ያወቀው ፍርዱ ሲነበብ ነው። ያን ጊዜ ሊያስረዳ ቢነሳ፣ እርስዎ ምስክሯ ሁለት ጊዜ ተጠይቃ እርግጠኛ ነኝ ማለቷን አስታውሰው አስቀመጡት። ቃሏ የሚታመን አይደለም፣ የልጇም እንዲሁ፤ ስለዚህ ይመለስ አሉ። ይግባኝ ማለት ይችል ነበር። በዚያ የእስር ክፍል ሌላ ዓመት ከመቀመጥ ግን መመለሱን መረጠ።

ተመለሰም። ሰንሰለቱን ያወለቁለት አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ነው። ቦሌ ልቀበለው ስሄድ ንብረቱን ሁሉ በአንድ የላስቲክ ከረጢት ይዞ ወጣ፤ ሲያየኝም ደህና የሆነውን ቀኝ ጆሮውን ወደ እኔ አዙሮ ሳመኝ። «እውነቱን ነገርኳቸው፣ ቲቸር» አለኝ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ ሪፖርት እንደሚያደርግ ሰው ነው ያለው። ብዙም ሳይቆይ ከተማው እንደገና ሲታመስ ከጎዳና ላይ ከሌሎች ጋር ታፈሰ፤ እናቱም ምሳ ዕቃቸውን አጥበው እንደገና ወደዚያው በር ተመላለሱ። ከወራት በኋላ ተፈቷል። ዛሬ ጎጆ ከአጎቱ ከዳዲ ጋር ገብስና ድንች ያመርታል። አምቦ መውረድ አይወድም።

አዴ ወርቂቱ ደግሞ ልጃቸውን ያስመለሰባቸው ክፉ አማርኛቸው ነው ብለው አመኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ ላይ አማርኛ መናገር ተዉ፤ ኦሮምኛ የማይችል ደንበኛ ሲመጣ በእጃቸው ወደ ጎረቤት መደብ ያሳዩታል። ይህን ስንት ጊዜ በዓይኔ እያየሁ አለፍኩ። በመጨረሻ ባለፈው ጾም ሄጄ ከመደባቸው አጠገብ ተቀመጥኩና በኦሮምኛ፣ ሁልጊዜ በምንነጋገርበት ቋንቋ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። አማርኛዎ ልክ ነበር፣ ቀኑም ልክ ነበር፣ ዓመቱን ያበላሸው ሌላ ሰው ነው አልኳቸው።

«አንቺ ሰምተሽ ነበር?» አሉኝ።

«ሰምቼ ነበር።»

«ሰምተሽ ነው ራስሽን የነቀነቅሽልኝ?»

አልተቆጡም፣ አልረገሙኝም። ጆንያቸውን ጎተት አድርገው ለቀጣዩ ደንበኛ ድንች መመዘን ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ እንደ ድሮው «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ፣ ብለው በኦሮምኛ አያቅፉኝም። ቆም ብለው፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ መምህርት» ይሉኛል። በዚህ ከተማ አዴ ወርቂቱ አማርኛ የሚናገሩት ለእኔ ብቻ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ፍርዱን ይለውጡልኝ ብዬ አልለምንዎትም፤ ጊዜው አልፏል፣ ልጁም ደግሞ በርዎን የማንኳኳት ሐሳብ የለውም። የእኔን ድርሻ ለእርስዎ ላሸክም አልመጣሁም፤ የእርስዎን ግን እኔ ብቻዬን ስሸከመው ቆይቻለሁና በክብር መልሼልዎታለሁ። በእርስዎ ችሎት አንዲት እናት እውነት ተናገረች፣ አንድ ልጅ እውነት ተናገረ፤ ዝም ያለችው ግን ሥርዓት አክባሪ ተብላ ታለፈች።

ትዕዛዝዎን ከማንም በላይ አክብራ የፈጸመች፣
አሁንም በየዓመቱ ያችኑ ምዕራፍ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማ ዓይኗን መሬት ተክላ የምታስተምር፣
ለከበረ ወንበርዎ ረጅም ዕድሜ የምትመኝ አገልጋይዎ፣

ማኅሌት ዘሩባቤል
አምቦ፣ ምዕራብ ሸዋ

ማስታወሻ፦ ስማቸው ስላለበት ይህን ደብዳቤ ከማውጣቴ በፊት ለአዴ ወርቂቱ አንብቤላቸዋለሁ፤ ይውጣ ብለዋል። የሚጨምሩት ነገር እንዳለ ስጠይቃቸው፣ «ዳኛው እናት አለችው?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። «ካለችው፣ በሰው ቋንቋ፣ በማታየው ዳኛ ፊት ቆማ፣ ስለ ልጇ በስልክ ከመመስከር እግዚአብሔር ይሰውራት» ብለው መርቀዋታል። ምርቃቱን እንዳለ አድርሻለሁ፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።