የእትዬ ዘምዘም ደም

ማክሰኞ
ሰይድ ሞቷል። እናቱ አያውቁም። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አዳማ መኪና ተገልብጦበት እዚያው ተቀብሯል። መርዶው ግን የእናቱ ታላቅ ወንድም ከአጅባር ሳይደርሱ አይነገርም፤ ደንብ ነው። እስከዚያ ሁላችንም ጥርሳችንን እናሳያለን።

እናቱ እትዬ ዘምዘም ጎረቤቴ ናቸው። ዛሬ እኔ ወደምሠራበት ላቦራቶሪ መጡ። እንቅልፍ የለም፣ ምግብ አይወርድም፣ ደረታቸውን ይወጋቸዋል። የልጃቸው ስልክ ከሳምንት ጀምሮ ዝግ ነው፤ እሳቸው ሲገቡ ደግሞ ሰው ወሬ ያቋርጣል። ደማቸውን ቀዳሁ።

ረቡዕ
ወባ የለም። ታይፎይድ የለም። የደም ማነስም የለም። ሰውነት ሲቆጣ ጉበት ወደ ደም የሚለቀው ፕሮቲን ብቻ ከልኩ ትንሽ ከፍ ብሏል። ሐኪሙ ኢንፌክሽን ፈልጎ አጣ።

«የቆየ ጭንቀትም ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ የሚያስጨንቃቸው ነገር አለ?» አለኝ።

አላውቅም አልኩት። በሥራዬ ውሸት ሪፖርት ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው።

ሐሙስ
ወንድማቸው ዛሬም አልደረሱም። መንገዱ ጭቃ ነው አሉ። ጭቃውን ረገምኩት።

እትዬ ዘምዘም ውጤት ሊጠይቁ መጡ። ክፉ ነገር የለም አልኳቸው። አላመኑኝም። እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ፦ «በአላህ ይዤሻለሁ ልጄ፣ መታመሜን ለሰይዶ እንዳትነግሪው። ሥራውን ጥሎ ይመጣል።»

እሺ አልኳቸው። እሺ! ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ፊቴን ታጥቤ የቀጣዩን በሽተኛ ናሙና ተቀበልኩ።

ቅዳሜ
ወንድማቸው ትናንት ማታ ገቡ። ጎህ ሲቀድ መርዶው ተነገረ። እትዬ ዘምዘም ወዲያው አልጮሁም። የቆመውን ሰው አንድ በአንድ አዩና እኔ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«አንቺም? ደሜን ስትቀጂ ታውቂ ነበር?»

ከዚያ ነው የጮሁት። ለወግ ስንል ያደረግነውን ሁሉ ጠላሁት፤ ራሴን ደግሞ ከሁሉም በላይ።

ሰኞ
ወንድማቸው ደግፈው አመጧቸው። ክንዳቸውን ለእኔ አልሰጡም። «ያኛው ይቅዳኝ» አሉ፤ ባልደረባዬ ቀዳ።

ውጤቱን ሳላይ ማለፍ አልቻልኩም። ፕሮቲኑ ካለፈውም በልጧል። እውነቱ ከተነገረ ይወርዳል ብዬ ነበር፣ ጅል! ሐዘኑ ይሁን፣ የእኛ ዝምታ ይሁን፣ ሌላ በሽታ ይሁን ወረቀቱ አይለይም።

ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ለሰይዶ አልነግረውም ብለሽኝ ነበር እኮ» አሉኝ።

ለሚቀጥለው ሰኞ ለድጋሚ ምርመራ ተቀጥረዋል። ያን ቀን ተረኛዋ እኔ ብቻ ነኝ፤ ይምጡ ይቅሩ አላውቅም።