«ይታደስ» ያልሽው ሥዕል

ለእህቴ ለእሌኒ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት አድርጎሻል? ደረትሽን ስለማውቀው፣ በቪየና ክረምት ተሸፋፍነሽ ትወጪ እንደሆን ሳልጠይቅ ወደ ሌላ ነገር አልገባም። ልጅሽ ሲሲስ ትምህርቷ ሰመረላት? አማርኛዋ እንዳይጠፋት በራሷ እጅ እንድትጽፍልኝ ንገሪያት። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እናታችን ዳባት በቤቷ ናት፤ ጉልበቷ ቢደክምም ምላሷ አልደከመም። ባለቤቴ ገበያነሽም ልጆቹም እኔም እዚህ ደባርቅ ደህና ነን። የጤናው ወሬ ይኸው ነው። የቀረው ንዴት ስለሆነ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ባለፈው ክረምት የዳባቷ ኪዳነ ምሕረት ዕቃ ቤት ጣራው አፍስሶ አባታችን የሣለው የእመቤታችን ሥዕል እንደራሰ ጽፌልሽ ነበር። አንቺም እዚያ የምትሠለጥኚው በአሮጌ ሥዕልና ወረቀት እንክብካቤ ነውና ደህና አድርገሽ መለስሽ። ፀሐይ ላይ እንዳይሰጣ፣ ቅቤም ዘይትም እንዳይነካው፣ በንጹሕ መምጠጫ ወረቀት መካከል ተኝቶ ቀስ ብሎ ይድረቅ አልሽ። እንዳልሽው አደረግን። እስከዚህ አልወቅስሽም። ጥፋቱ የመጣው ለሰበካ ጉባኤው ለብቻው በጻፍሽው ገጽ ነው። «ሥዕሉ በባለሙያ ካልታደሰ ይጠፋል፤ በአስቸኳይ ይታደስ» ብለሽ ፈረምሽበት።

እሌኒ፣ ዳባት አድገሽ «ይታደስ» ለደብር ሰው ምን ማለት እንደሆነ ጠፋሽ? የኛ ሰው ቤተ ክርስቲያን አሳደስን ሲል ሣሩን አፍርሶ ቆርቆሮ አለበስን ማለቱ ነው። ሥዕል አሳደስን ሲል ፊቱን በአዲስ ቀለም አስለበጥን ማለቱ ነው። አለቃው መምሬ ወልደ ገብርኤል ገጽሽን ከቅዳሴ በኋላ ሲያነቡት ሴቱ እልል አለ። ብዙም ሳይቆይ ከጎንደር ያርጋል የሚባል ሠዓሊ የበርና የመስኮት ቀለሙን በጣሳ ተሸክሞ መጣ።

እናታችን ሰው ልካብኝ ስሰማ ትምህርት ቤት ፈተና እያረምኩ ነበር። ወረቀቱን ጥዬ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወረድኩ። ስደርስ ያርጋል የመልአኩን እግር ጨርሶ ወደ እመቤታችን ልብስ ሊሻገር ብሩሹን ይጠርጋል። አባታችን በጣሊያን ጊዜ ሸራ ቢያጣ በተጣለ ካርታ ጀርባ ላይ የሣለው፣ ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት የሊማሊሞ መንገድ በመጎናጸፊያዋ ውስጥ የሚታይበት ያ ሥዕል፣ እግርጌው የሆቴል በር መስሏል። ዘይቱ ወረቀቱን ዘልቆ ከኋላ ወጥቷል። አንቺ ራስሽ፣ የምናደርገው ሁሉ ኋላ ሊነሣ የሚችል መሆን አለበት፣ የሥልጠናችን መጀመሪያውም መጨረሻውም ይኸው ነው ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ይህ እንዴት ይነሣል?

እጁን ያዝኩት። ተቆጥቶ፣ መምህር፣ ኬሚስትሪዎን እዚያው ያስተምሩ፣ እኔ አድስ ተብዬ ነው የመጣሁት አለኝ። አልዋሸም። መምሬም ገጽሽን ከኪሳቸው አውጥተው አነበቡልኝ። እሷ ይታደስ ስትል በአዲስ ቀለም ይቀባ ማለቷ አይደለም ብዬ ብከራከር፣ እናንተ የተማራችሁ አማርኛችንን ወስዳችሁ ገልብጣችሁ ትመልሱልናላችሁ አሉኝ። የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ታዲያ እህትህ ካላደሰችው ምን ልታደርገው ነው ባሕር ተሻግራ የምትማረው? አሉ። ታክመዋለች ብል፣ መድኃኒቱን ትላክልን አሉ። ትጠብቀዋለች ብል፣ ዘበኛ አለን አሉ። በመጨረሻ፣ ታስታምመዋለች አልኩ። የታመመ ሰው ሲያስታምሙት ሌላ ሰው አያደርጉትም፤ ትራሱን ያስተካክሉለታል፣ ቁስሉን ያጥቡለታል፣ መልኩ ግን የራሱ ነው አልኩ። ይህን ጊዜ መምሬ ገጽሽን አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱ። ያርጋልም ጣሳውን ከደነ።

ነገሩ ግን አላለቀም። መምሬ ሥዕሉን ዕቃ ቤት ቆልፈው ቁልፉን ያዙ። የካቲት ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ሕዝቡ ሥዕሉን ማየት አለበት፣ እስከዚያ አስታማሚዋ ካልመጣች ያርጋል የጀመረውን ይጨርሳል አሉ። ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። የሥልጠናሽ ማጠቃለያ ሥራ እንዲሆን ሥዕሉን አስፈቅጄ እንድልክልሽ ጽፈሻል። መሣሪያውም መምህራኑም እዚያ መሆናቸው ይገባኛል። ይህን ግን ለመምሬ አላነሣሁም፤ አላነሣምም። ከዚያው ዕቃ ቤት አንድ ድርሳን ለጥገና ተብሎ ወጥቶ በወጣበት መቅረቱን ዳባት ገና አልረሳውም። «ይላክ» የሚል ቃል ከአንቺ ከመጣ፣ ማስታመም ያልኩት ሁሉ ለስርቆት የተበጀ ተረት ይሆናል። ያርጋልም በዚያው ቀን ይጠራል።

ስለዚህ ለመምሬ በእጅሽ ጻፊ፤ በስልክ የተባለ እሳቸው ዘንድ አይጸናም። ማደስ የሚል ቃል እንዳይገኝበት። የምትመጪበትን ቀን ቆርጠሽ አስታውቂ፤ ባልሽውም ቀን ተገኚ። ማጠቃለያሽን በሌላ ወረቀት ላይ ሥሪው፣ ካልሆነም ለመምህራንሽ ሥራዬ ያለው ዳባት ነው በያቸው። ዓመት ሊራዘምብሽ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ቀላል ነገር ጠየቅኩሽ አልልም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ መጨቃጨቅ እችላለሁ። የራሰ ወረቀት መንካት ግን አልተማርኩም፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ። ሥዕሉ አይመጣም፤ አንቺ ነይ።

ገበያነሽ ናፍቆቷን ትልክልሻለች፤ በቁጣዬ ላይ ቁጣ እንዳትጨምሪ ትለምንሻለች። ልጆቹ እጅ ይነሳሉ። ሲሲን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። እናታችን ዓይንሽን ስማሻለች፤ ቁጣ ብቻ አትጻፍላት፣ የእመቤታችን ፊት ገና አልተነካም በልልኝ ብላለች።

ወንድምሽ ምሥጋናው
ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1996 ዓ.ም.