የጀማል ጌም በሁለት ቋንቋ

ሰኞ
ለሦስተኛ ጊዜ ጠፋ። መብራቱም፣ ጌሙም፣ የእኔም ትዕግሥት። የሁለት ሰዓት ልፋቴን ውሃ በላው። ይሄ አሮጌ የጃፓን ጌም የደረስኩበትን የሚያስቀምጥልኝ ቤተ መቅደስ ስገባ ብቻ ነው፤ ቤተ መቅደሱ ደግሞ ከተራራው ማዶ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ዓመት አልፎታል።

ለራሴ ብዬ አይደለም የምታገለው። ወንድሜ ጀማል ከጭነት መኪናው ላይ ወድቆ ጭኑ ከተሰበረ ሦስተኛ ወሩ ነው። ደሴ፣ ቤቱ ተኝቷል። ሐኪሙ በክራንች መራመድ ጀምር ቢለው እምቢ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ሚስቱ ሰሚራ በደወለች ቁጥር ታለቅሳለች። ካልተራመደ ጉልበቱ እንደሚደርቅ እኔ የጤና ባለሙያዋ አውቃለሁ፤ ማወቄ ምን ጠቀመው? ከማንም ጋር አያወራም። በቀደም ብቻ "ያ የልጅነታችን ጌም አሁን ቢጫወቱት ደስ ይል ይሆን?" ብሏት ነበር።

ይሄን ስሰማ ከሥራ ባልደረባዬ ሁለቱንም በሁለት ፍላሽ አስገለበጥኩ፤ ዋናውን ጃፓንኛና ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመውን። ከመላኬ በፊት እንግሊዝኛውን ልሞክረው አልኩ።

ማክሰኞ
ከጤና ጣቢያው ለምሳ ወጥቼ ተጫወትኩ። የምሠራባት የሮቢት ከተማ ሙቀት ላፕቶፑን ሊያቀልጠው ነው። ቬንትሌተሩን ከራሴ አዙሬ ለእሱ ሰጠሁት።

ያናደዱኝ፦
— በየሦስት እርምጃው ውጊያ። ጭራቁ ያው፣ ሙዚቃው ያው።
— ወዴት መሄድ እንዳለብኝ የሚነግረኝ የለም።
— የገዛሁትን ሰይፍ የጌሙ ልጅ ለመያዝ ገና አቅም የለውም ተባልኩ። ታዲያ ለምን ሸጡልኝ?

አከራዬ እትዬ ዘሀራ በበሩ በኩል ስክሪኑን አዩና፣ "ወላሂ ፋጡማ፣ ይሄ ሰውዬ ትናንትም እዚሁ ድልድይ ላይ ነበር" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፍርዴ፦ አይረባም።

ረቡዕ
ዛሬስ የተናደድኩት በጀማል ነው።

አጎታችን የጌም ማሽኑን ከጅዳ ሲያመጣልን ጽሑፉ በሙሉ ጃፓንኛ ነበር። ጀማል አሥራ ሁለት፣ እኔ ስድስት ዓመቴ። "ማንበብ እችላለሁ" አለኝ፤ አመንኩት። መስመሩን በጣቱ እየተከተለ በአማርኛ ያነብልኝ ነበር። ባለ ሰማያዊ ቆቡ ልጅ የጨው ነጋዴ ልጅ ነው፤ ሽፍቶች አባቱን ወስደውበት ሊፈልገው ወጥቷል። ባለ ነጭ ጸጉሩ ሽማግሌ የሽፍቶቹ አለቃ ነው። እሱ ብቅ ሲል ብርድ ልብስ ውስጥ እገባ ነበር።

በእንግሊዝኛው ሽማግሌው ምን ይላል? "ማደር ትፈልጋለህ? አልጋ አለን።" አልጋ አከራይ! የጨው ነጋዴ የለም፣ አባትም የለም። ልጁ የሚፈልገው አንድ የሚያበራ ድንጋይ ነው፤ ለምን እንደሚፈልገው ራሱም በደንብ የሚያውቅ አይመስለኝም። የጀማል ታሪክ በስንት ጣዕሙ!

ሐሙስ
ልጅቷ ሞተች።

ከልጁ ጋር የምትዞረው፣ ባለ ቀይ ሻርፗ። መሀል ላይ እንደምትጠፋ አስታውሳለሁ። ያኔ የት ሄደች ብዬ ጀማልን ስጠይቀው "አገባች፤ ሠርጉ ሩቅ አገር ስለሆነ አላሳዩንም" አለኝ። ለምን አልተጠራንም ብዬ ስንት ቀን አኩርፌያለሁ። ለካ ሞታ ነው። ላፕቶፑን ዘግቼ አለቀስኩ፤ በሠላሳ አንድ ዓመቴ።

ይሄን እንዴት እልክለታለሁ? ፈጥሮ እንዳወራልኝ እሱም ያውቃል። ግን ያ ታሪክ የእሱ ነው። በዚህ ሁኔታው ላይ ይሄኛው መጥቶ ቢያፈርስበትስ?

አርብ
ጃፓንኛውን ላክሁ። ፍላሹን በፌስታል ጠቅልዬ ወደ ደሴ ለሚሄድ ሚኒባስ ሾፌር ሰጠሁት፤ ስልኩንና ታርጋውን ለሰሚራ ነገርኳት፣ መናኸሪያ ሄዳ ተቀበለች። እንግሊዝኛው እኔው ጋ ይቀመጥ። ጀማል እንደ ድሮው የፈለገውን ያንብብ። ዛሬ ጥሩ ነገር የሠራሁ መሰለኝ።

እሑድ
ራሱ ደወለ! ከወደቀ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"አንቺ ፋጤ፣ ምን የማይነበብ ነገር ነው የላክሽልኝ? እንግሊዝኛው አለ ብለሻት የለ ሰሚራን?"

ዋናው ይሻላል ብዬ ነው፣ እንግሊዝኛው አይረባም፣ ሽማግሌው እኮ አልጋ አከራይ ነው እያልኩ ቀባጠርኩ። ሳቀ። ሳቁን ስሰማ ዓይኔ እንባ ሞላ። ስለ ልጅቷ ልነግረው ስል ግን ተንተባተብኩ።

"ሞታለች አይደል?" አለኝ። "ያኔም አውቄያለሁ እኮ። ሥዕሉ ያስታውቃል። ታለቅሻለሽ ብዬ ነው የዳርኳት።"

ከዚያ ቀጠለ፦

"ለምን እንደሞተች ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ላኪውና ልየው።"

ልነግረው እችል ነበር። አልነገርኩትም። "ነገ ጠዋት ከሚኒባስ ጋር እልከዋለሁ፤ ግን ሰሚራ አትቀበልም። መናኸሪያ ድረስ መጥተህ አንተ ትቀበላለህ" አልኩት።

"አብደሻል? በምን እግሬ?"

"በክራንች። እስከ በሩ፣ ከዚያ በባጃጅ።"

ሰደበኝ። አንቺ ጨካኝ፣ ከልጅነትሽም እንዲህ ነሽ አለኝና ጆሮዬ ላይ ዘጋው። አብዝቼበት ይሆን? መልሼ ልደውልለት ብዬ ሁለት ጊዜ ስልኬን አነሳሁ፣ ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩ።

የእንግሊዝኛውን ፍላሽ ጠቅልያለሁ። ይናደድብኝ። የሾፌሩን ስልክ ቁጥር የምነግረው ለእሱ ብቻ ነው።