የለተ ማርያም እጅ

መስከረም 21

ዛሬም ይሞቃል። ዘጠነኛ ወሬ ነው፣ እግሬ አብጦ በባሌ በኣንገሶም ነጠላ ጫማ ነው የምንቀሳቀሰው። እሱ መጋዘን ሥራው ጋ፣ ማጋዚኖ ገብቷል፣ የሥራ ቱርኖው እስከ ምሽት ነው። ልብስ አጠብኩ፣ በረንዳ ላይ አሰጣሁ፣ ምስር ሠራሁ፣ ተኛሁ። ይኸው ነው ቀኔ።

ከሰዓት እትዬ ለተ ማርያም ከልጃቸው ከቅሳነት ጋር መጡ። የኣንገሶም አክስት ናቸው፣ ግን ያሳደጉት እሳቸው ስለሆኑ አማቴ ናቸው ማለት ይቻላል። ፓሪዮሊ ሰፈር አንዲት አሮጊት ጣልያን ሲኞራ ቤት ይሠራሉ። ሮም ሃያ ምናምን ዓመት ስለኖሩ የማያውቁት ቢሮ፣ የማያውቁት ሐኪም የለም። የማያውቁት ወሬም የለም። ቅሳነት እዚሁ የተወለደች ናት። እሷም አራተኛ ወሯን ይዛለች፣ ግን ሆዷ ገና አያስታውቅም። ስልኳን ስትነካካ ዋለች።

ምጥ ክፍል የሚያስገቡት አንድ ሰው ብቻ ነው። ኣንገሶም ደም ማየት አይችልም። እሳቸው እኔ እገባለሁ አሉ። እሺ አልኩ። ሌላ ማን አለኝ? ኤፒዱራሌ፣ የምጥ ማደንዘዣውን መርፌ፣ እንደምፈልግ፣ የሐኪም ቪዚታውን ጨርሼ ወረቀቱን እንደፈረምኩ ነገርኳቸው። ቫ ቤኔ፣ ቫ ቤኔ፣ እሺ አሉ።

መስከረም 29

ወገቤ... ዛሬ ይሆን?

ጥቅምት 3

ሴት ልጅ። ደህና ናት። የፀጉሯ ብዛት! አሁን አጠገቤ ተኝታለች። እኔን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ደስታ መስሎኝ ነበር... ንዴት ነው።

ልጻፈው። ካልጻፍኩት ምጥ ነው ያስቀባጠራት ይላሉ፣ ኋላ እኔም አምናቸዋለሁ።

ሕመሙ ሲጠና ጣልያንኛዬ ጠፋ። ስንት ዓመት የሠራሁበት ቋንቋ ድራሹ ጠፋ። አዋላጇ የምትለውን ሁሉ እሰማለሁ፣ ከእኔ አፍ የሚወጣው ግን "ማርያም፣ ማርያም" ብቻ ነው። ጮህኩ። አዎ፣ ጮህኩ። ፎቁ በሙሉ ሰምቷል። ለተ ማርያም በየመሀሉ አዋላጇን ስኩዚ፣ ስኩዚ እያለች ይቅርታ ትጠይቃለች፣ የሰው ዕቃ የሰበርኩ ይመስል። ለእኔ ደግሞ በጆሮዬ... ኧረ አታዋርጂን፣ እመቤታችን እንኳ በረት ውስጥ ሆና ድምፅ ሳታሰማ ነው የወለደችው።

ምጥ አልነበረባትማ! ያለ ምጥ ነው የወለደችው። ቄሱ በየዓመቱ የሚያስተምሩትን እኔ ላይ ስትደርስ ረሳችው?

አዋላጇ ጎንበስ ብላ፣ ኤፒዱራሌው ይምጣልሽ? ብላ ጠየቀችኝ። ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ "አህ" አልኳት፣ የእኛን አዎ። ለጣልያን ይሄ ማቃሰት ነው፣ ምን ታድርግ? ወደ ለተ ማርያም ዞረች። ለተ ማርያም ደግሞ በጣልያንኛ፣ ሐሳቧን ቀይራለች፣ የእኛ ሴቶች እንዲህ ናቸው፣ ይጮሃሉ እንጂ ይችሉታል አለቻት። በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። አዋላጇ ወጣች። ተመልሳ ስታየኝ ጊዜው አልፏል።

ጩኸቴ የባሰው ያን ጊዜ ነው። እጇን አፌ ላይ የከደነችውም ያን ጊዜ ነው። ዝም በይ፣ ዝም በይ... ትንፋሽ አጠረኝ። ነከስኳት። ከአውራ ጣቷ ሥር፣ ጥርሴ የቻለውን ያህል። እሷ ትንፍሽ አላለችም።

ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደብተር ላይ "እሳቸው" የሚባል ነገር የለም።

ጥቅምት 8

ቤት ገባሁ። የአገራችን ሴቶች ገንፎ ይዘው መጡ። ልጄን አቀፉ፣ መረቁ፣ ፀጉሯን አዩ። ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ ዘነበች፣ ቤተ ክርስቲያን ከፊት ወንበር የማትጠፋዋ፣ ምጡ እንዴት ነበር ብላ ጠየቀች። እኔን አይደለም የጠየቀችው። ለተ ማርያምን።

ለተ ማርያም ተነስታ አሳየቻቸው። ዓይኗን አፍጥጣ፣ የወንበር መደገፊያ ጨብጣ፣ የእኔን ድምፅ እያወጣች። ጣልያኖቹ ሰው ታረደ ብለው ሮጠው መጡ አለች። ዘነበች ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ እዚያው አልጋው ላይ ነኝ። ፈገግ አልኩ። ለምንድን ነው ፈገግ ያልኩት?

እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። ምን ሆነሽ ነው አሏት። የሲኞራዋ ውሻ ነከሰኝ አለች። ስትል ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። ስለ እኔ ጩኸት የቀራት ነገር የለም፣ እጇ ጋ ስትደርስ ግን ውሻ!

ጥቅምት 9

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። እሺ። ጸሎቱ ይቆይ።

ጥቅምት 11

ለኣንገሶም ነገርኩት። ኤፒዱራሌውን፣ እጇን፣ መንከሴን። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ ምጥ ላይ ሰው ብዙ ነገር ይመስለዋል አለ። አክስቴ እንዲህ አታደርግም አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ አንቺም ትንሽ ቀስ ብትዪ ምን ነበረበት፣ ሰው ሁሉ እኮ ያወራል።

ቀስ!

ሌላ ምንም አልፈልግም። በራሷ አፍ ትናገር። በሳቁት ሴቶች ፊት፣ እጇ የት እንደነበረ ትናገር። ካልተናገረች እዚህ ከተማ ውስጥ ዕድሜ ልኬን "ያቺ የጮኸችው" ነኝ። ባሌ ዘንድም ቀባጣሪ ነኝ። ልጄም የጯሂዋ ልጅ ልትባል ነው።

ጥቅምት 13

እጇ አብጧል አሉ። ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ... ትንሽ ቆይቶ።

ዘነበች ናት ደውላ የነገረችኝ። እንዴት ያለ መጨነቅ ተጨነቅኩላት! የውሻ ንክሻ ይናቃል እንዴ አልኩ፣ ያበደ ቢሆንስ? መርፌ ያስፈልጋታል፣ አንድም አይበቃት። ኣንገሶምንም ወጥሬ ያዝኩት። ያሳደገችህ አክስትህ እጇ ሲበሰብስ ዝም ብለህ ታያለህ? ወዲያው ተነስቶ ፕሮንቶ ሶኮርሶ፣ ድንገተኛ ክፍል ወሰዳት። እኔ የታየኝ መርፌው ብቻ ነበር። እየደጋገሙ ሲወጓት።

ኣንገሶም ተመልሶ የነገረኝ ግን ሌላ ነው። ሐኪሙ ምን ነከሰሽ ሲላት፣ ኣንገሶም አጠገቧ ቆሟል፣ ምን ትበል? ውሻ አለች። የማን ውሻ? የሲኞራዋን ስምና አድራሻ ሰጠች። ሐኪሙ መዘገበ። ሕግ ነው አሉ፣ ውሻ ሰው ከነከሰ የእንስሳት ሐኪም ቤት ድረስ ሄዶ ያየዋል።

ይሄን ሕግ አላውቅም ነበር። ጥሩ ሕግ ነው።

ጥቅምት 19

ቅሳነት እየሳቀች ደወለች። የእንስሳት ሐኪሙ ፓሪዮሊ ሄደ። ሲኞራዋ ውሻዋን አቅፋ በሩን ከፈተች። ሐኪሙ ልየው ብሎ የውሻውን አፍ ሲከፍት... ጥርስ የለውም። አንድም! አርጅቶ ካስነቀሉለት ቆይቷል። የላመ ምግብ በማንኪያ የምታጎርሰው ራሷ ለተ ማርያም ናት! ሴቶቹ ውሻውን የት ያዩታል ብላ ነው ያን ቀን ውሻ ያለችው። ያመጣችው ውሸት ግን መንገዱን አውቆ ሲኞራዋ ቤት ገባ።

ሲኞራዋ፣ የምስኪን ውሻዬን ስም አጠፋሽ ብላ ስታለቅስ ውላለች። እውነቱን ካልነገርሽኝ ከሰኞ ጀምሮ አትምጪ ብላታለች። ቅሳነት እዚህ ጋ ሳቋን አቆመች። ግን ማነው የነከሳት? አለችኝ።

እናትሽን ጠይቂያት አልኳት። በእኔ አፍ አይሆንም።

ጥቅምት 20

መጣች። ብቻዋን። ልጄን ለማየት እንኳ አልጠየቀችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

"ከሥራዬ ልታስወጪኝ ነው?" አለች።

"እኔ ምን አደረግኩ? ውሻው እኮ ነው።"

ወለሉን አየች። ሄደሽ ለሲኞራዋ አንቺ እንደነከስሽኝ ንገሪያት፣ የምጥ ነገር ነው ብላ ትተወዋለች አለችኝ። እሄዳለሁ አልኩ። ግን መጀመሪያ እርስዎ እሁድ ለሴቶቹ ይንገሩ።

"ምኑን ልንገር?"

"እጅዎ የት እንደነበረ። ለአዋላጇ ያሏትንም።"

ከዚያ በትንሽ ድምፅ፣ እኔም ቅሳነትን ሳይሆን የመጀመሪያውን ስወልድ፣ ያንን የሞተብኝን፣ አማቴ በጨርቅ አፌን ጠቅጥቃኝ ነበር አለች። ወንዶች ውጭ ተቀምጠው ስለነበር። ጥርሴ ጨርቁን በጠሰው አለች።

አዘንኩ? አዎ፣ ትንሽ። ግን እሷ ከሄደች በኋላ ንዴቴ ባሰ። ታውቀዋለቻ! እንዴት እንደሚያፍን፣ እንዴት ዓይን እንደሚያጨልም ታውቃለች። እያወቀች ነው።

ጥቅምት 23፣ እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም እኛ ቤት። ራሴ ጠራኋቸው። ዘነበች መጀመሪያ ደረሰች፣ ወሬ ሳይሸታት አልቀረም።

ለተ ማርያም ቆማ አልተናገረችም። ሳህኗን እያየች ነው የተናገረችው። ውሻ አይደለም አለች። ሰመረት ናት የነከሰችኝ። አፏን ይዤባት ነበር። ኤፒዱራሌውንም እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሷ ፈልጋ ነበር። ይህን ብላ ውኃ ጠጣች።

ማንም አልሳቀም። ኣንገሶም በሩ ጋ ቆሞ ሰማ። ዓይኔን ፈለገ፣ እኔ ልጄን አየሁ። ይፈልግ ትንሽ።

ዘነበች ነገሩን ልታለሳልስ ሞከረች። ለደጉ ብላ እኮ ነው፣ ሰው ፊት እንዳትዋረድ... ያን ጊዜ ቅሳነት ስልኳን አስቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል።

"ማማ፣ እኔ ስወልድ አንቺ አትገቢም" አለች። "ሰመረት ናት የምትገባው።"

ዘነበች "ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች" ብላ አጉረመረመች። ማንም አልተቀበላትም። ለተ ማርያም ልጇን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ፊቷ... እጇ ሲነከስ እንኳ እንዲህ አልሆነም።

ይሄን እኔ አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት ንግግሯን ብቻ ነበር። እምቢ ማለት እችል ነበር፣ እናትሽ ትግባ ማለት እችል ነበር። እሺ አልኩ። እየጣመኝ አልኩ።

ጥቅምት 25

ፓሪዮሊ ሄድኩ። የነከስኳት እኔ ነኝ አልኩ። ሲኞራዋ ጥርሴን አየች። ለምን እንደነከስኩ አልጠየቀችኝም። ውሻውን ግንባሩን ሳመችውና፣ ሰማህ? አንተ አይደለህም አለችው። ለተ ማርያም ከነገ ጀምሮ ሥራ ትገባለች።

ኣንገሶም ይቅርታ አልጠየቀም። ግን ከትናንት ጀምሮ ልጅቷ ስታለቅስ እሱ ነው የሚነሳው። ስልክ ደውሎም ለሰው ሁሉ፣ ሚስቴ ልክ ነበረች እያለ ነው። ለእኔ ግን ገና አላለኝም። እጠብቃለሁ።

መጋቢት 4

ቅሳነት ወለደች። ወንድ። ሁለቱም ደህና ናቸው።

እኔ ገባሁ። ለተ ማርያም ኮሪደሩ ላይ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቀረች። ሳልፍ እጄን ያዘችኝ። እጄን አስለቅቄ ገባሁ።

ቅሳነት ኤፒዱራሌውን ስትጠይቅ እኔም ደገምኩላት፣ ጮክ ብዬ፣ በጥሩ ጣልያንኛ። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ላይ ነው፣ ትንሽ ታገሱ አሉን። ትንሹ ረዘመ። ቅሳነት ጮኸች። እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛ ሲነግሯት በጣልያንኛ የምትመልስ ልጅ፣ "ማርያም!" ብላ ጮኸች። ከየት አመጣችው? ጩኺ አልኳት። እጄን እንደፈለግሽ አድርጊው።

አዋላጇ በሩን ዝጊው አለችኝ። ሄድኩ። አልዘጋሁትም። እንዲያውም ገርበብ ያለውን ከፈት አደረግኩት። እናትየዋ ትስማ ብዬ ነው። እንዳልዋሽ፣ ለዚህ ነው ያደረግኩት። የልጇ ጩኸት እያንዳንዱ ይግባላት፣ መግባት አትችልም፣ መያዝ አትችልም፣ ወንበሯ ላይ ትቀመጥ። ወራት ሙሉ ያሰብኩት ይሄን ነበር።

ከዚያ ከኮሪደሩ ሌላ ድምፅ መጣ። "ማርያም! ማርያም! ልጄን! ልጄን!" ከቅሳነት የበለጠ። መጀመሪያ ማን እንደሆነ አላወቅኩትም፣ ይሄን ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅማ። ቅሳነት እንኳ ለአፍታ ዝም ብላ ጆሮዋን ሰጠች።

አንዲት ነርስ ዝም ልታሰኛት በኮሪደሩ ስትሮጥ አየሁ። በሩ ላይ ነበርኩ። መንገዷ ላይ ቆምኩባት።

እናቷ ናት አልኳት። ተያት፣ ትጩህ።