መጽሐፍሽ አፉን የፈታ ዕለት

ውድ እሜቴ ማዞሪያ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ስልክሽ ይህን መስመር ሲያነብልሽ «ደግሞ ማንን አስጽፎ ነው?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ማንንም! እኔው ነኝ፣ በገዛ አውራ ጣቴ። ይህ አውራ ጣት ድሮ ቀለም እየተቀባ ወረቀት ላይ ይረገጥ ነበር፤ ዛሬ ደብዳቤ ይጽፋል። የማታ ትምህርት ምስክር ወረቀቴን ጎማ ቤቱ ውስጥ ከኮምፕረሰሩ በላይ ሰቅዬዋለሁ። ደንበኛ ጎማው እስኪነፋለት ድረስ ሌላ የሚያየው ነገር የለውም። አንዱማ ቀና ብሎ አየውና «ዶክተር ሆነሃል እንዴ?» አለኝ። «ገና ነው፣ እየለመኑኝ ነው» አልኩት።

በወረቀት መጻፍ አምሮኝ ነበር። የእጅ ጽሑፌ ያምራል፤ መምህራችን ራሷ «ፊደልህ ካንተ ይልቅ ጨዋ ነው» ብላኛለች። ግን ሻንጣሽን አውቶቡስ ላይ ስጭንልሽ ያልሽኝን አልረሳሁም። «በወረቀት ከጻፍክልኝ ሰው ማስነበብ ሊኖርብኝ ነው። ለእኔ የተጻፈውን ከእኔ በፊት ሌላ ሰው እንዲያውቀው አልፈልግም። በስልክ ጻፍልኝ።» ይኸው በስልክ ጻፍኩ። ከሁለታችን በቀር የሚያውቀው የለም፤ ስልክሽ እንደሆነ ሐሜት አያውቅም።

ለምን እንደጻፍኩልሽ ከመናገሬ በፊት ትንሽ ልዙር። ታውቂኛለሽ፣ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል።

ከጎማ ቤቴ ፊት ለፊት ባለው መሥሪያ ቤት ስልክ ስታዞሪ ስንት ዘመን እንደቆየሽ አላውቅም። እኔ የማውቀው ከሥራ ስትወጪ ነው። የሠራተኞች ሰርቪስ እስኪመጣ ከጎማ ቤቴ ደጃፍ ያለው አግዳሚ ላይ ትቀመጪና ስልክሽን ጆሮሽ ላይ ትለጥፊያለሽ። መጀመሪያ ከሰው ጋር የምታወሪ መስሎኝ፣ «ይኼ ሰውዬ አይደክመውም እንዴ?» አልኩሽ።

«ሰውዬው መጽሐፍ ነው» አልሽኝ።

ዓይኖችሽ እንደማያዩ ያን ጊዜ ገባኝ። መጽሐፍ በጆሮም እንደሚነበብ ያወቅሁትም ያኔ ነው።

ከዚያ ያ ፈተና መጣ። «ሰውን ከሰው ሳገናኝ ዕድሜዬ አለቀ፣ አሁን ደግሞ እኔው ላናግራቸው» ብለሽ፣ የጨነቀው ሰው ሲደውል በስልክ ምክር የሚሰጥ ድርጅት ዘንድ ለመቀጠር ተመዘገብሽ። የሚፈትኑሽ ከአንድ መጽሐፍ ነው፤ ስለ ሐዘንና ስለ ምክር አንድ ሽማግሌ ሐኪም ከጻፉት። በብሬል የለም። የታተመው ከገበያ ጠፍቷል። የቀረው በስልክ የሚገዛው ነበርና ገዛሽው። እኔ የአንዱን መኪና ጎማ እያጠበቅሁ ነበር። ስልክሽ በዚያ ለስላሳ ድምፁ «ይህ መጽሐፍ የተጠበቀ ነው። በድምፅ ማንበብ አልተፈቀደም» አለና ጭጭ አለ።

እንደገና ነካሽው። ጭጭ። ስለ አየሩ ጠየቅሽው፣ ነገረሽ። የባንክ መልእክትሽን አነበበልሽ። ወደ መጽሐፉ ስትመልሺው አሁንም ጭጭ።

አሳታሚው ጋ ደወልሽ። ድምፁን ከፍተሽው ስለነበር እኔም ሰማሁ።

«እመቤት፣ የሸጥንልዎ ጽሑፉን ነው። የድምፁ መብት ለብቻው ነው።»

«እኔ ጽሑፉን የማገኘው በድምፅ ነው እኮ።»

«ይገባኛል። ግን ከከፈትነው እየቀዱ የሚቸበችቡት ሌቦች አሉ። የደራሲውን መብት መጠበቅ አለብን።»

«እሺ፣ የድምፁን መቼ ታወጡታላችሁ?»

«ለጊዜው ዕቅድ የለንም።»

«እንግዲያው እኔ የገዛሁት መጽሐፍ ነው ወይስ ዝምታ?»

ሰውየው ትንሽ ሳቀ። አንቺ አልሳቅሽም።

ጎረቤቴ ሞባይል ጠጋኙ ይህን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ አንገቱን ከሱቁ ብቅ አደረገ። «እትዬ፣ ይኼ ደግሞ ምን ያስጨንቃል? ሻይ እስኪፈላ ቁልፉን ሰብሬ እሰጥሻለሁ።» እኔም «ስበረው!» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እጅሽን አነሳሽ።

«አይሆንም። ደራሲውም የላባቸውን ይብሉ። እኔ የምፈልገው በሩ እንዲከፈትልኝ ነው፤ መስኮት ተሰብሮልኝ መግባት አልፈልግም።»

«እስኪከፈትልሽስ?» አለሽ ጠጋኙ።

ማንም ሳይጠራኝ ዘልዬ የገባሁት ያን ጊዜ ነው። «እስኪከፈትማ እኔ አነብላታለሁ!»

ጠጋኙ ሳቅ አነቀው። «አንተ? የሱቄን ታፔላ ለማንበብ ግማሽ ቀን የፈጀኸው?»

«ታፔላህ የሚያጓጓ ነገር ስለሌለው ነው» አልኩት።

የወጣልኝ ጉረኛ መሆኔን መቼም ታውቂያለሽ፤ ያን ዕለት ግን ጉራዬ ከአቅሜ በላይ ነበር። በማታው ክፍል ገና ቃል ከቃል ማያያዝ ላይ ነበርን። የእኔ ማንበብ ዝገት የያዘው ጎማ ከቸርኬ እንደማላቀቅ ነው፤ ባንድ በኩል ሳነሣው በሌላ በኩል ተመልሶ ይገባል። «ማመ... ማመዛ...» ስል አንቺ «ማመዛዘን» ትዪኛለሽ። ፊደሉን ከስልክሽ ላይ የማየው እኔ፣ ቃሉን የምታውቂው አንቺ። ሁለታችን ተደምረን አንድ አንባቢ ሆንን።

«የእኔ ጣት ብሬል ላይ ካንተ ዓይን ይፈጥናል» እያልሽ ታበሽቂኝ ነበር።

«የእኔ ዓይን ቆንጆ ሲያይ ስለሚዘገይ ነው።»

«ኧረ ጉረኛ!»

ስሜ እዚያው ጸደቀ። አሁን ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራኝ በእሱ ነው።

ዝም ብዬ አንብቤም አላውቅ። ስለ ቁጡ ሰው ያለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ «ይኼማ ጎረቤቴ ጠጋኙ ነው፣ ፎቶውን መለጠፍ ብቻ ነው የቀራቸው» እላለሁ። «አንብብ፣ አትተንትን!» ትዪኛለሽ። አንዱ የጭነት መኪና ሾፌር የፈነዳ ጎማውን ታቅፎ ቆሞ ቆሞ ሲሰለቸው፣ «ወንድሜ፣ የመጽሐፉን ሐዘን ጨርስና የእኔን ሐዘን እይልኝ» ያለው ትዝ ይልሻል? እንባሽ እስኪመጣ ሳቅሽ። እኔ ሐዘን የሚያስተምር መጽሐፍ እያነበብኩ ሰው ማሳቅ የቻልኩ የመጀመሪያው ሰው ነኝ፤ ይህን የሚክድ ካለ ይምጣ።

እንዲህ እያልን አንቺ በሩን ማንኳኳትሽን አልተውሽም። ለአሳታሚውም ለደራሲውም ጻፍሽ። አሳታሚው፣ መጽሐፉ በእርግጥ ዝም ማለቱን ያየ ሰው በጽሑፍ ይመስክርልሽ አለ።

«ማንን ትጠሪያለሽ?» አልኩሽ፣ እያወቅሁ።

«ቢሮ ውስጥ የተማሩ ሞልተዋል። ግን ያየኸው አንተ ነህ።»

ቁጭ አልኩ። እጄን በቤንዚን ታጠብኩ። «እኔ ጎማ ጠጋኝ ነኝ። ስልኩ ሌላውን ሁሉ ሲያነብላት ሰምቻለሁ። ይህ መጽሐፍ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ሴትዮዋ ከፍላበታለች» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ፈረምኩ። በዕድሜዬ የመጀመሪያው ፊርማ ነው፤ እንደ ሚኒስትር ጭራ አበጀሁለት።

ስፈርም ታዲያ አንድ ነገር ልቤን ቆነጠጠኝ። ይህ ወረቀት ከሠራ፣ እኔ እዚያ አግዳሚ ላይ ለምን እፈለጋለሁ? ሳይንተባተብ፣ ሳይተነትን፣ የቤንዚን ሽታ ሳይኖረው የሚያነብልሽ አለልሽ። ይህን እያሰብኩ ወረቀቱን ሰጠሁሽ። በዚህ አልጸጸትም። ዛሬም ቢሆን እፈርመዋለሁ፣ የፊርማውንም ጭራ አስረዝመዋለሁ። የሚቆጨኝ ሌላ ነው።

በመጨረሻ ያነበብን ዕለት ዝናብ ነበር። አግዳሚው ስለራሰ ወደ ውስጥ ገብተሽ የተደረደሩት ጎማዎች ላይ ተቀመጥሽ። የእኔን አነባበብ ታውቂዋለሽ፤ ዓረፍተ ነገሩ ወዴት እንደሚወስደኝ አላውቅም፣ መጨረሻውን ከአንቺ እኩል ነው የምሰማው። ፈጣን አንባቢ ቢሆን ጉድጓዱን ከሩቅ አይቶ ይዘለዋል። እኔ ገባሁበት።

«አንዳንድ... ሰው... ልቡ ያለውን... ላለመናገር... በቀልድ... ይሸ... ይሸሻ... ይሸሻል። ሳቁ... ሲያልቅ... ብቻውን... ይቀራል።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሌላ ጊዜ ቃሉን ከአፌ የምትነጥቂኝ ሴት፣ «ይሸሻል» ላይ ስታገል አልደረስሽልኝም። ዝም አልሽ። ቆይተሽ በቀስታ፣ «እስቲ ድገመው» አልሽኝ።

«ይኼ ሐኪም እዚህ ላይ ተሳስተዋል።»

«ድገመው አልኩህ እኮ።»

«ነገ። ፊደሉ ደክሞታል።»

ሰርቪሱ ጥሩምባውን ነፋ። ሄድሽ። እኔ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ነገ ምን እንደምልሽ ስሰድር አደርኩ። አንድም ቀልድ የሌለበት ንግግር ነበር። ቆንጆ ነበር፣ እመኚኝ።

በማግስቱ አግዳሚው ላይ ገና ከመቀመጥሽ ስልክሽ ጮኸ። ደራሲው ናቸው፣ በራሳቸው አንደበት። «ልጄ፣ ደብዳቤሽ እስኪደርሰኝ መጽሐፌ ለእናንተ ዲዳ መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም። እኔ የፈረምኩት እንዳይሰረቅ ነው እንጂ እንዳይሰማ አይደለም። ነግሬያቸዋለሁ፣ ከፍተውታል። እስቲ እንደገና አውርጂው» አሉሽ።

አወረድሽው። ነካሽው። ተናገረ!

እጅሽን አፍሽ ላይ ጭነሽ አለቀስሽ። ጠጋኙ ከሱቁ ወጥቶ «ሳይሰበር!» እያለ አጨበጨበ። ከዚያ ፍጥነቱን ጨመርሽበት፤ ጠጠር ቆርቆሮ ላይ የሚፈስ ይመስል ነበር፣ እኔ አንድ ቃል አልያዝኩም። አንቺ ግን ራስሽን እየነቀነቅሽ ፈገግ ትያለሽ። ወደኋላ መለስሽው፤ ወደፊት ወሰድሽው። ማንንም ሳትለምኚ፣ የማንንም ትንፋሽ ሳትጠብቂ። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼብሽ አላውቅም ነበር።

ከዚያ አቆምሽውና ወደ እኔ ዞርሽ። «ጉረኛው፣ አንተ ባትኖር ኖሮ እኮ...» ብለሽ ጀመርሽ።

እኔም፣ ሌሊቱን ሙሉ የሰደርኩትን ትቼ፣ «በቃ፣ ከሥራ አባረርሽኝ ማለት ነው! የአገልግሎት ካሳዬን እፈልጋለሁ!» አልኩ።

ሳቅሽ። ጠጋኙም ሳቀ። ከሁላችሁም አስበልጬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ። «አንተ ባትኖር» ካልሽ በኋላ ምን ልትዪ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። መጽሐፉን የዘጋው ቁልፍ ተፈቷል፤ ያንን ግን አፍሽ ላይ የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ የሚከፍትልኝም የለ።

ከዚያ በኋላ አግዳሚው ላይ ትቀመጪ ነበር፣ ግን ጆሮሽ ሥራ ላይ ነው። በአጠገብሽ ሳልፍ ኮቴዬን ሰምተሽ «ጉረኛው» ትዪኛለሽ፣ እኔም አንድ ቀልድ ጥዬ አልፋለሁ። ፈተናውን አለፍሽ። የሚቀጥርሽ ሌላ ከተማ ነው ተባለ። ሻንጣሽን ስጭንልሽም ቀለድኩ፤ ምን ብዬ እንደሆነ እንኳ አላስታውሰውም።

አንድ ክፉ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትጠዪኝ። ያ መጽሐፍ አንድ ማታ፣ አንድ ማታ ብቻ፣ እንደተዘጋ በቆየ ብዬ የተመኘሁበት ጊዜ አለ። ያንቺን ፊት ያን ዕለት ያየ ሰው እንዲህ ብሎ ከተመኘ ድንጋይ ነው። እኔም ድንጋይ ሆኜ አውቃለሁ።

የማታውን ትምህርት ስጨርስ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር መጽሐፉን ገዝቼ፣ ካቆምንበት መቀጠል ነው። ሌላውን ተይውና፣ ከዚያ መስመር ቀጥሎ ምን እንደሚል ላንብብልሽ፦ «እንዲህ ያለውን ሰው አድማጩ አይጎትተው። ዝም ብሎ ይጠብቀው» ይላል። አንቺ ገና እዚያ አልደረስሽም ነበር። ሳታነቢው ነው የጠበቅሽኝ። እኔ ደግሞ ለሚጠብቀኝ ሰው ነገ እያልኩ ቀረሁ።

እና ያኔ ድገመው ያልሽኝን አሁን በራሴ ቃል እደግመዋለሁ። እወድሽ ነበር፤ አሁንም እወድሻለሁ። ከዚህ ቀጥሎ አንድ ቀልድ ጽፌ ነበር፣ ጥሩ ቀልድ ነበር፣ አጠፋሁት።

ዘግይቼ እንደሆነ አልቀየምም፤ ስልክሽ ያንብብና ዝም ይበል። መልስ ካለሽ ግን አደራ፣ እንዳትደውዪልኝ። ድምፅሽን ከሰማሁ እቀልዳለሁ። ጻፊልኝ። ፊደል በፊደል ይዤ፣ መጨረሻው ወዴት እንደሚወስደኝ ሳላውቅ፣ ሳልሸሽ አነበዋለሁ።

ያንቺው፣
ጉረኛው ጎማ ጠጋኝ