የተክሌ መብራት

ጥቅምት 2

በጠዋት ተነሣሁ። ተላጨሁ፣ ሸሚዝ ለበስኩ፣ ከረባት አሰርኩ... ከዚያ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ወዴት ነው የሚኬደው? ከዳኝነት በጡረታ ከተሰናበትኩ ዓመት አልፎኛል፤ እጄ ግን ገና አልሰማም።

ስልኩ አልጮኸም። በሥራ ላይ ሳለሁ የማይጠራበት ሰዓት አልነበረም። ያን ሁሉ ሰው ምን ዋጠው? መልሱን አውቀዋለሁ፤ ይደወል የነበረው ለወንበሩ ነው። ወንበሩ ላይ ዛሬ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ ተገቢም ነው።

ከሰዓት በኋላ እስከ አቃቂ ድልድይ በእግር ሄጄ ተመለስኩ። ሰላም ያለኝ ሰው የለም... ወይም የሚያውቁኝ ሰላም ማለቱን ፈርተው ይሆናል። አማረች ብትኖር «ፊትህን ፍታው እንጂ፣ ችሎት አይደለም» ትለኝ ነበር። ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ልጃችን እምነት ኮዬ ፈጬ ነው የምትኖረው፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ዛሬ እሑድ አይደለም።

ጥቅምት 5

ያልተጠበቁ እንግዶች። ተክሌና ሙህሲን በሩን ሲያንኳኩ በመስኮት አየሁና ደነገጥኩ። «ፍርድ ቤት የያዙት ጉዳይ ይኖር ይሆን?» የሚል ሐሳብ ቀድሞ መጣብኝ። የድሮው ልማድ...

ሦስታችንም የአቃቂ ልጆች ነን፤ የባቡሩን ሐዲድ እየረገጥን ነው ያደግነው። ተክሌ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ አሁን እንደ እኔ ጡረተኛ ነው። ሙህሲን ሳሪስ የመለዋወጫ ሱቅ አለው። እኔ ዳኛ ስሆን፣ አንድ ቀን ባለጉዳይ ሆነው ፊቴ ይቆሙ ይሆናል በሚል ከማንም ቤት ውሃ ሳልጠጣ ኖርኩ። ሕጉ ይህን ያህል አይጠይቅም፤ የጨመርኩበት እኔ ነኝ። እነሱ ግን በየበዓሉ ሳይደውሉ ቀርተው አያውቁም።

«ክቡር ፍርድ ቤት!» አለ ሙህሲን ገና ከበሩ። «አቤቱታ ይዘን መጥተናል።»

«ግቡ፣ ግቡ...»

«አርባ ምንጭ» አለ ተክሌ ሳይቀመጥ። «በሞተር። ሦስታችን።»

በጎረምሳነታችን ያሰብነው ጉዞ ነው። ያኔ ሞተር የነበረው ተክሌ ብቻ ነበር፤ ለሦስት ሰው አልበቃ ብሎ ቀረ።

«ዕድሜያችንን ረሳችሁት?» አልኳቸው።

«አልረሳነውም። የቸኮልነው ለዚህ ነው።»

አስቤበት እንደማሳውቃቸው ነገርኳቸው። ሙህሲን ተክሌን በክርኑ ጎሸም አደረገና «አላልኩህም? ቀጠሮ ይሰጠናል ብዬህ ነበር» አለ።

ከሄዱ በኋላ ሳሎኑ የበለጠ ሰፋብኝ። ማታውኑ ደውዬ እሺ አልኩ።

ጥቅምት 9

ከፋብሪካው ጀርባ ባለው ሜዳ ልምምድ። ሙህሲን ከራሱ ሞተሮች አንዱን አውሶኛል። እጅ ይረሳል ብዬ ነበር፤ የረሳው ግራ እጄ ብቻ ነው። ፍሪሲዮኑን በድንገት ስለቀው ሞተሩ ዘለለና ሣሩ ላይ ተዘረጋሁ። «ክቡር ፍርድ ቤት ተነሥቷል!» ብሎ ሙህሲን ሜዳውን በሳቅ ሞላው። ስንት ዓመት ሆነኝ ሰው ፊቴ እንዲህ ከሳቀ?

ተክሌ ግን በሥራው አይቀልድም። የመንገዱን ደንብ ደጋግሞ አስረዳኝ።

«እያንዳንዱ ሰው ከኋላው ላለው ኃላፊ ነው። ስፖኪዮህን እያየህ ትሄዳለህ። ከኋላህ ያለው ሰው መብራት ከጠፋብህ ትቆማለህ። መብራቴን አጥፍቼ ካበራሁ ‘ቁም’ ማለቴ ነው።»

«ፊት የሚሄደውስ?»

«ሙህሲን መንገዱን ያያል፣ አንተን ያያል። አንተ እኔን ታያለህ። ከእኔ በኋላ ማንም የለም።»

ግልጽ ነው አልኩ።

ጥቅምት 11

እምነት ደወለች።

«አባዬ፣ ቀልድህን ነው?»

«አይደለም።»

«ብትወድቅ ማን ያይሃል?»

«ሦስት ነን።»

«እሺ... በየደረስክበት ደውል» አለችኝ። ቅር ብሏት ነው ወይስ ደስ ብሏት? በድምፅ ብቻ መፍረድ አስቸጋሪ ነው።

ጥቅምት 15፣ ቡታጅራ

ወጣን! በዓለም ገና በኩል፣ የአዋሽን ድልድይ ተሻግረን፣ ጢያን አልፈን ቡታጅራ ገባን። ጤፉ ቢጫ እየሆነ ነው። ጉልበቴን ያመኛል፤ ግድ የለም።

ለራሴ ብቻ ልጻፈው። ሄልሜት ውስጥ ሰው ብቻውን ነው። አይጠየቅም፣ አይመልስም። ይህ ነገር ተመቸኝ። ከወዳጆች ጋር እየሄዱ ከማንም ጋር አለመሆን... ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ራት ላይ ሙህሲን፣ «ኧረ ሀብቴ፣ አንዳንዴ ወደኋላ እይ። ተክሌ አቧራህን በልቶ ጠግቦ ራት እምቢ አለ» አለ። ሳቅን። ተክሌም ሳቀ፤ ግን አየት አደረገኝ።

ነገ ምሳ ወራቤ ነው፤ ሐጀራ የምትባል የሙህሲን እህት ትጠብቀናለች።

ጥቅምት 16

ዛሬ መጻፍ አልችልም።

ጥቅምት 18፣ አቃቂ

በቅደም ተከተል ላስፍረው።

ከቡታጅራ በጠዋት ወጣን። ሙህሲን ፊት፣ እኔ መሐል፣ ተክሌ ኋላ። መንገዱ ጥሩ፣ ፀሐዩ ለስላሳ። አማረችን እያሰብኩ ነበር የምነዳው... ይህን አገር አላየችውም። የቅበትን ከተማ አለፍን። ወራቤ ስንደርስ ሐጀራ ደጅ ቆማ ጠበቀችን። ሁለታችንን ሰላም ብላ በትከሻችን ላይ አሻግራ መንገዱን ተመለከተች።

«ሦስት ነን አላላችሁም?»

ሙህሲን ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደኋላ ዞርኩ። ከቡታጅራ ከወጣን ወዲህ ስዞር የመጀመሪያዬ ነበር።

«ተክሌስ?» አለ ሙህሲን።

«ከኋላዬ...»

«መጨረሻ ያየኸው የት ነው?»

ተክሌ ጋ ደወልኩ። ስልኩ አይሠራም። ምሳው እንደቀረበ ትተን ተመለስን።

ቅበትን መልሰን ካለፍን በኋላ አገኘነው። ሞተሩ ቦይ ውስጥ ወድቋል። ተክሌ ግራር ተደግፎ ተቀምጧል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። በርበሬ ታሰጣ የነበረች ዓሊያ የምትባል ሴት በሻርፗ ክንዱን ከደረቱ ጋር አስራለታለች።

«አብራችሁ ነበር የምትሄዱት?» አለችን።

«አዎ» አለ ሙህሲን።

«አይመስልም።»

ይግባኝ የሚባልበት ቃል አልነበረም።

የሆነው ይህ ነው። ሰንሰለቱ ላላበት። መብራቱን አጥፍቶ አበራ። ደግሞ አጥፍቶ አበራ። ሳልቆም ስቀር ሊደርስብኝ ፍጥነት ጨመረ፤ ያን ጊዜ ሰንሰለቱ ወጥቶ ጎማውን ያዘው። ስልኩ ደረት ኪሱ ውስጥ ተሰባብሯል። የትከሻው አጥንትና የግራ እጁ አንጓ መሰበሩን ሐኪሞቹ ነገሩን።

ይህንንም ያወራው ለሙህሲን ነው። ለእኔ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሞተሮቹን በጭነት መኪና ልከን በተከራየነው ሚኒባስ ወደ አቃቂ ስንመለስ ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ... ጎኑ ተቀምጫለሁ፤ በመካከላችን ግን አገር ነበር።

ለምን አላየሁም? ስፖኪዮው ነበር፤ ንጹሕም ነበር። ብዙ ዓመት የመኪና የኋላ ወንበር ላይ ነው የኖርኩት፤ ወደኋላ ማየት የሾፌሬ የወንድዬ ሥራ ነበር። እሱ ብቻ ግን አይደለም። ውሳኔ ካነበብኩ በኋላ ተነሥቼ በጓዳው በር እወጣ ነበር። ከኋላዬ የሚያለቅስ አለ፣ የሚጣራ አለ። አለመዞርን ለራሴ ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ ያለዚያ በማግስቱ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አይቻልም። ይህ ምክንያት ነው እንጂ መከላከያ አይደለም።

ጥቅምት 25

ስልኩ አልጮኸም። እኔም የተክሌን ስም ፈልጌ አገኘሁና... መልሼ አስቀመጥኩት። ምን እላለሁ?

ሞተሩን ጓሮ አስገብቼ ሸራ አለበስኩት።

ኅዳር 3

ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። የተክሌ ባለቤት ፈለቀች በሩን ከፈተች። ተኝቷል አለችኝ። ሻይ ቀድታ አቀረበች፤ እኔ ሳላስበው «አመሰግናለሁ፣ አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት» አልኩ። ሐሰት ነው። አፌ ራሱ ነው ያለው።

ብርጭቆውን እንደያዘች ቆመች። «አሁንም? ጡረታ ወጥተው የለም እንዴ? ከእንግዲህ ማን ምን እንዳይልዎት ነው?»

መልሳ ወሰደችው። ስትሸኘኝ በሩ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ተክሌ ከወደቀበት ሆኖ የሞተርዎን ድምፅ ይሰማ ነበር። እስኪጠፋ ድረስ።»

ከውስጥ ሳል ተሰማ። የተክሌ ሳል ነው። ተኝቶ አልነበረም።

ኅዳር 12

የስሜ ቀን፤ በሚካኤል ነው የተሰየምኩት። ሚካኤል ደርሼ መጣሁ። ሰፈሩ በሙሉ እንደ ደንቡ ቆሻሻ ያቃጥላል፤ ጭሱ እስከ ሳሎን ገብቷል። መስኮት ዘግቼ ተቀመጥኩ። «እንኳን አደረሰህ» ያለኝ እምነት ብቻ... አይደለም፣ ሙህሲንም መጣ። የስሜን ቀን እሱ መቼም ረስቶት አያውቅም።

ጓሮ ሄዶ ሸራውን ገለጠ።

«ብትወስደው ይሻላል» አልኩት።

«ለማን ይሻላል?»

ቁልፉን ዘረጋሁለት፤ አልተቀበለኝም።

«ተክሌ አንድ ነገር ይጠብቃል» አለኝ።

«ምን?»

«እኔ ምን አውቄ? ሄደህ ጠይቀው። ወይስ መጥሪያ ይላክልህ?»

ሸራውን መልሶ በጥንቃቄ አለበሰውና ሄደ።

ኅዳር 22

ዛሬ ነቅቶ ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፤ እጁ በፋሻ ተንጠልጥሏል። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን ቆሜ ጀመርኩ።

«በእኔ በኩል ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ ባለመደረጉ ምክንያት በደረሰብህ ጉዳት...»

«ሀብቴ።»

«እንድጨርስ ፍቀድልኝ...»

«ውሳኔ ነው እንዴ የምታነብልኝ? ቁጭ በልና ንገረኝ።»

ቁጭ አልኩ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ።

«አላየሁህም» አልኩት። «ከቡታጅራ ጀምሮ አንዴም አላየሁህም። ረስቼህ ነበር፣ ተክሌ። ብቻዬን የምሄድ መስሎኝ ነበር... ደስም ብሎኝ ነበር። ይቅር በለኝ።»

ውጭ የሚኒባስ ረዳት «ቃሊቲ፣ ሳሪስ!» እያለ ይጮኻል።

«ስብራቱ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ስብራት ይጠገናል። እዚያ ግራር ሥር ሆኜ ‘ይመለሳል’ ብዬ እርግጠኛ መሆን አቃተኝ። ሙህሲን ይመለሳል። አንተን ግን... አላወቅሁም። ከልጅነታችን ጀምሮ አውቅሃለሁ፤ ይህን ግን አላወቅሁም።»

ቀና ብዬ ማየት ከበደኝ። ቢሆንም አየሁት። ፀጉሩ በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ መቼ?

ፈለቀች ሻይ ይዛ ገባች፤ ለእሱ ብቻ። «ለእኔም» አልኩ። ቀዳችልኝ። ጨርሼ ብርጭቆውን መልሼ ዘረጋሁ። ስኳሩን አበዛችልኝ።

ልወጣ ስል ተክሌ ጠራኝ። «ሐኪሙ እስከ ፋሲካ ሞተር እንዳልነዳ ከልክሎኛል። ከኋላ መቀመጥ ግን አልከለከለም።»

«ከማን ኋላ?»

«ካንተ ነዋ! ወገብህን ጨምድጄ ከያዝኩህ አትረሳኝም።»

ሳቀ። ትከሻውን አመመውና እየተሳደበ ሳቀ። ደረጃውን ስወርድ ዓይኔ አስቸገረኝ።

ታኅሣሥ 16

«ሁለት ሰዎች ይዤ ለምሳ ልምጣ?» ብዬ እምነትን ስጠይቃት «አንተ? ሰው ይዘህ?» ብላ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

ከረባት ሳላስር ወጣሁ። ተክሌ ከኋላዬ ተቀመጠ፤ በደህናው እጁ ቀበቶዬን ጨበጠ። ሙህሲን በራሱ ሞተር ተከተለን። አርባ ምንጭ አይደለም፤ ከአቃቂ ኮዬ ፈጬ ነው። ያም ሆኖ ስፖኪዮውን ከመነሣታችን በፊት አስተካከልኩ። እየሄድኩም አየሁ። መንገዱን አየሁ፣ የሙህሲንን መብራት አየሁ። መንገዱን፣ መብራቱን።

ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ የጭነት መኪኖች መሐላችን ገቡ። መብራቱ ጠፋ። ዳር ይዤ ቆምኩ።

ወጣት የትራፊክ ፖሊስ እየተጣደፈ መጣ። «አባት፣ እዚህ መቆም አይቻልም።» ማንነቴን አላወቀም። ቀድሞ ቢሆን...

«የኋላችንን እየጠበቅን ነው» አልኩት።

«ይደውሉለታ!»

«እየነዳ ነው።»

«ኋላ ይደርስ የለም እንዴ? መንገድ ዘጉ እኮ!»

«ልክ ነህ፣ ልጄ። ቅጣቱን ጻፍ። እስኪመጣ ግን አልሄድም።»

ተክሌ ከኋላዬ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ በቀበቶዬ በኩል ተሰማኝ። ፖሊሱ እኔን አየ፣ ፋሻ የጠቀለለውን ሽማግሌ አየ፣ ራሱን ነቅንቆ መኪኖቹን በእኛ ዙሪያ ማሳለፍ ጀመረ። ከሁለት ሲኖትራኮች መካከል ትንሽዬ መብራት ብቅ አለች።

«ምን ሆናችሁ? ተበላሸ?» አለ ሙህሲን ሲደርስ።

«አንተን ስንጠብቅ ነው።»

«እኔን?» አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ መብራቱን አጥፍቶ አበራው።

ምሳው ብዙ ነበር። እምነት ተክሌን ስለ እኔ ልጅነት ስትጠይቀው እሱ ያልሆነውን ሁሉ ጨማምሮ ነገራት። አልተቃወምኩም።

ጀንበር ሳትገባ ተመለስን። ተክሌን ደጁ አወረድኩት። ቤቴ እንደተውኩት ነው፤ ጸጥ ብሏል። የአማረች ወንበር ቦታው ነው። ሞተሩን ሸራ አላለበስኩትም። ይህን ጽፌ ልዘጋ ስል ስልኩ ጮኸ።

«ገባህ?» አለ ሙህሲን።

«ገባሁ። አንተስ?»

«ገብቻለሁ። ለተክሌም ደውዬለት ነበር፤ ሻይ እየጠጣ ነው።»

ዘጋ። ሦስታችንም ገብተናል።