ደርሶ መልስ የሌለው ምድብ

ጊምሊ፣ ማኒቶባ
እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ፌብሩዋሪ አጋማሽ

ይድረስ ለሬዣን፣ ለግትሩ ባለቤቴ፤

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለው? ትሯ ሪቪዬር ከኛ ይልቅ ሞቅ ይላል ብለህ ያለ ሱፍ የውስጥ ሱሪ እንደምትወጣ አውቃለሁ፤ ተው፣ ልበስ። እኔ ደህና ነኝ። ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ሆኗል፤ ዓሣ አጥማጆቹም ጎጆዎቻቸውን እየጎተቱ ወጥተውበታል። ባለፈው ሳምንት የጓዳው ቧንቧ ቀዝቅዞ ውሃ እምቢ አለኝ። በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅኩ አስለቀቅኩት። አንተ ብትኖር ግማሽ ቀን ስትራገም ትውል ነበር፣ ያውም በፈረንሳይኛ።

ጥያቄህን የረሳሁት እንዳይመስልህ። በአዲስ ዓመት ካርድህ ላይ «የእማዬን ቤት ልሽጠው ወይስ ልተወው? እባክሽ አንድ ቃል ንገሪኝ» ብለህ ጻፍክ። እናትህን ልታስታምም ከሄድክ ሁለተኛ ክረምትህ ነው። እሳቸውንም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከቀበርናቸው ስድስት ወር አለፈ። እኔ ለቀብሩ መጥቼ በሦስተኛው ቀን ተመለስኩ፤ አንተ ቀረህ። በስልክ ስለ አየሩ እናወራለን፣ ስለ ሆኪ እናወራለን፣ ከዚያ የቤቱን ነገር ሳናነሳ እንዘጋለን። ለጥያቄህ መልስ የጠፋኝ ለምን እንደሆነ ልንገርህ? ሽጠው ብልህ ና ብዬ መለመኔ ነው። አትሽጠው ብልህ ደግሞ እዚያው ቅር ማለቴ ይሆናል። ሁለቱም አልዋጥልሽ አለኝ። ኩራቴን ታውቀው የለ።

ዛሬ መልሱን ይዤ ነው የተቀመጥኩት። ግን መጀመሪያ የትናንቱን ልንገርህ፤ ያለ እሱ መልሴ ግራ ያጋባሃል።

ትናንት የእቅድ ቀን ነበር። የሆኪ ሊጉ እንደልማዱ ለጥቂት ቀን ዕረፍት ወጥቷል፤ ጨዋታ በሌለበት ሳምንት ይህ ከተማ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ፣ ሰው ሁሉ የሚገባበት ያጣል። ስለዚህ እንደ ድሮው በበረዶ ሜዳው ካፍቴሪያ ተሰበሰብን፣ ሠላሳ ሁለቱን ወንበር ደረደርን፣ በየጀርባቸው የቡድኖቹን ስም ለጠፍን። ደንቡ አልተለወጠም። ሊጉ በእጅህ ቢሆን ማንን ከማን ጋር ትመድባለህ፣ ማን ማንን ስንቴ ይገጥማል፤ ወንበሩን እየጎተትክ ታሳያለህ። ከዚያ ቆመህ ትጠየቃለህ፣ ሳትመልስ መቀመጥ የለም። ሰዉ በእግሩ ወለሉን ይበልጥ የደበደበለት ያሸንፋል፤ እቅዱም ለሊጉ ዋና መሥሪያ ቤት በፖስታ ይላካል። እስከ ዛሬ አንድም መልስ አልመጣም። ስቲና «ሥራችን ፖስታ ቤቱን ማበልጸግ ነው» ትላለች። ስቲና ያው ስቲና ናት፣ ከካፍቴሪያው ባንኮኒ ጀርባ ሆና ከተማውን ታስተዳድራለች።

ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ድሮ አንተ አጠገቤ ሆነህ ስትነዘንዘኝ ሰውን አላየውም ነበር ማለት ነው። አሁን ብቻዬን ስቀመጥ ሁሉንም አየሁ። ሰው ምድብ ሲያወጣ ስለ ሆኪ የሚያወራ ይመስለዋል እንጂ ሌላ ነገር ነው የሚያወራው። አንዴ ይህን ካሰብኩ በኋላ መተው አቃተኝ፤ እያንዳንዱን ሰው «ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ይሆን?» እያልኩ መከታተል ያዝኩ።

መጀመሪያ ስቲና ተነሳች። በረዶን ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ የሚያውቁትን የደቡብ ከተሞች በሙሉ፣ የፍሎሪዳን፣ የቴክሳስን፣ የካሊፎርኒያን፣ ግድግዳው ጥግ ሰብስባ አንድ ምድብ አደረገቻቸው። እርስ በርሳቸው ይፋለሙ፣ ከነሱ መሃል አንዱ ብቻ ወደ ጥሎ ማለፉ ይግባ አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። እኔ ግን ልጇን አስታወስኩ። ፍሎሪዳ ከገባ ወዲህ የዚያን አገር ማሊያ ለብሶ ፎቶ ይልክላታል። ቀስ ብዬ «ልጅሽ ዘንድሮ ለፋሲካ ይመጣል?» ብላት፣ «ቡድኑ ቶሎ ከወደቀ ይመጣል» አለችኝ። በቃ፣ ገባኝ።

ቫልዲም ያው የጭነት መኪና ሹፌር አይደል፤ ቡድኖቹን በአውራ ጎዳና ደረደራቸው። በአውሮፕላን መሄድ ይቅር፣ ሁሉም በአውቶቡስ ይጓዝ፣ በየመንገዱ እየቆመ ይጫወት አለ። «ሰው መንገድ ላይ ሆኖ እንዴት እንደሚውል ይዩት» ይላል። ሚስቱ ቀና ብላ አላየችውም። ይህንንም ልብ አልኩ።

ከሁሉም አንጀቴን የበሉኝ ሽማግሌው ኤናር ናቸው። እስከ ዛሬ የበረዶ ማስተካከያውን መኪና ራሳቸው ነው የሚነዱት፣ እንቢ ብለው። ተነሡና ሃያ ስድስቱን ወንበር አንድ በአንድ እየጎተቱ ከበር ውጪ አወጧቸው፤ ማንም አያግዘኝ አሉ። ስድስት ብቻ ቀረ። በልጅነታቸው የነበሩት ስድስት ቡድኖች። ሊጉ እንደገና በስድስት ቡድን ይሁን፣ ሌላው ሁሉ ይፍረስ አሉ። ቫልዲ «የኛን ዊኒፔግንም ጭምር ነው ያወጡት እኮ!» ብሎ ጮኸ። እሳቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ።

እኔ አላስቻለኝም፣ ተከትያቸው ወጣሁ። ወንበሮቹ መሃል ቆመዋል። የራሳቸውን ቡድን ለምን እንዳወጡ ስጠይቃቸው «የነዚያን ተጫዋቾች ስም አልረሳም። የዛሬዎቹን ግን ማታ አይቼ ጧት ይጠፉብኛል» አሉኝ። ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል። አንተ ግን ማንም አይደለህም፣ ለዚህ ነው የጻፍኩልህ። የልጃቸውን ስም እስካሁን አልሳቱም፤ በቅርብ እየተከታተልኩ ነው።

ከዚያ የኔ ተራ ደረሰ።

የኔን እቅድ ሳትጠይቀኝም ታውቀዋለህ። ሰባቱን የካናዳ ቡድኖች ጎትቼ በአንድ ረድፍ አደረግኋቸው፤ ልክ በወረርሽኙ ዓመት ድንበሩ ሲዘጋ ሊጉ ራሱ እንዳደረገው። ምክንያቴን ደረደርኩ። ጉዞ ይቀንሳል፣ የቆየ ፉክክር ይሟሟቃል፣ ሕፃናት በጊዜ አይተው ይተኛሉ። ይህን ስናገር ውስጤ የነበረው ግን ያ ክረምት ነው። በሩ ተዘግቶ፣ ሜዳው ያለ ተመልካች ባዶውን፣ እኔና አንተ በዚያች ሶፋ ላይ፤ ያንተው ሞንትሪያልና የኔው ዊኒፔግ ዛሬም ነገም ሲገናኙ። አሁን በዓመት ሁለቴ ብቻ ነው የሚገናኙት። በዚያ ዓመት በጥሎ ማለፉ ጠራርጋችሁ ስታስወጡን ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ዋልክ። በአክብሮት ነበር። አሁንም ባሰብኩት ቁጥር ያናድደኛል፤ ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። አገር በበሽታ ሲጨነቅ እኔ እንደዚያ ዓመት ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህን ለሰው መናገር ያሳፍራል።

ብቻ መርሐ ግብሩን ቀጠልኩ። ሞንትሪያል ኖቬምበር ላይ ይመጣል አልኩ፣ ቅዳሜ ይሁን። ገና አካባቢ ይመጣል። ሐይቁ ሲጠነክር፣ መንገዱ ሲረጋጋ ይመጣል። ማርች ላይም ይመጣል። ቫልዲ ካልጋሪ ስንቴ እንደሚመጣ ጠየቀኝ። «ካልጋሪ ሲመቸው ይምጣ» አልኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ሳቅኩ፣ እያሸነፍኩ መስሎኝ።

ስቲና አልሳቀችም። ማንኪያዋን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና እንዲህ አለች፦

«ቶራ፣ ሞንትሪያል መጣ፣ መጣ፣ ደግሞ መጣ። ዊኒፔግስ መቼ ነው ወደዚያ የሚሄደው?»

በሐሳቤ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ፈለግኩ። የለም። ሬዣን፣ አንድም የለም! ያወጣሁት ደርሶ መልስ የሌለው ምድብ ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ የአምስት ዓመት ሕፃን የማይሳሳተው ስህተት ነው። ማንም ቡድን በሜዳው የተጫወተውን ያህል ከሜዳው ውጪ ይጫወታል፤ ያለዚያ ሊግ አይባልም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በዚህ ሜዳ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ስለት እየሳልኩ የኖርኩ ሴት ነኝ።

«ረስቼው ነው» አልኩ።

«ምኑን?» አለችኝ።

ሳይመልሱ መቀመጥ የለምና መለስኩ። «መሄዱን» አልኳት።

በሳቅ ያፈርሱታል ብዬ ነበር። አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም። ቫልዲ ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን ያይ ጀመር። ለካ ሁሉም የኔን ወንበር አጎታተት ሲያዩ ቆይተዋል፤ ለካ እኔ እነሱን ሳጠና እነሱም እኔን ሲያጠኑ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለ ሆኪ የማወራ የመሰለኝ እኔ ብቻ ነኝ። እቅዴ በደንቡ መሠረት ተሰረዘ። ኤናር አሸነፉ፤ ለስድስቱ ቡድናቸው ወለሉ እስኪሰነጠቅ ተደበደበላቸው።

ወደ ቤት በእግሬ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ሳሰላ ነበር፣ የቡድን ስሌት አይደለም። ከዛሬ ሠላሳ ዓመት በፊት ለአንድ ክረምት የዓሣ ሥራ መጥተህ በኔ ምክንያት የቀረኸው አንተ ነህ። በኔ ቋንቋ ተጣላኸኝ፣ በኔ ቋንቋ ታረቅከኝ። የእናቴን ቤት ቀለም ቀባህ፣ ከወንድሞቼ ጋር በረዶ ዛቅህ፣ በኔ ሰዎች መሃል ለብቻህ ለሞንትሪያል ስትጮህ ሲያበሽቁህ ኖርክ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሜዳህ ውጪ ተጫወትክ፣ ሬዣን። እኔ ወደ እናንተ የመጣሁት ለሠርግና ለቀብር ነው፤ ቦርሳዬን እንኳ ሳላራግፍ እመለሳለሁ። የጫማ መሳሉን ሥራ ማን ይይዝልኛል እላለሁ፣ በፈረንሳይኛ ቀልድ ሰዉ ሲስቅ እኔ ዘግይቼ ነው የሚገባኝ እላለሁ። እናም ሁለት ክረምት ሙሉ መስኮት ላይ ቆሜ «ለምን አይመጣም?» ስል፣ እኔስ ለምን አልሄድም የሚለው ጥያቄ አንድ ቀንም ደጄን አላንኳኳም። ናፍቀኸኛል። ይኸው አልኩት።

ዛሬ ጧት ለኤናር የጫማ መሳያውን ማሽን ቁልፍ ሰጠኋቸው። አጠቃቀሙን አሳየኋቸው፣ ደግሜም አሳየኋቸው፤ ችግር የለም፣ ስቲና ከባንኮኒዋ ታያቸዋለች። ለማርች የመጀመሪያው ሐሙስ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጫለሁ፣ መሄጃ ብቻ። መመለሻውን አብረን እናወራበታለን፤ ስንት ሰው እንደሚመለስም፣ መቼም፣ ወደ የትም።

እስከዚያው ግን ያላወቅኩት ነገር ብዛት እንቅልፍ ነሳኝ። የእናትህ ጓዳ መስኮት ወደ ወንዙ ነው ወይስ ወደ መንገዱ? ጨዋታውን የምታየው ከማን ጋር ነው? ጎል ሲገባ የሰፈርህ ሰዎች ምን ብለው ነው የሚጮኹት? ጻፍልኝና ልለማመደው፤ በሳቁ ብዘገይም በጩኸቱ ልድረስ። ዳቦ የምትገዛው ከየት ነው? እዚያ ስምህን በሙሉ ነው የሚጠሩህ ወይስ የልጅነት ስም አለህ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን አልጠየቅኩህም እኮ፤ ይገርማል።

በረዶው ከእግርህ በታች ይጽናልህ፣ ምድጃህ አይጥፋ፣ የእናትህ ምርቃት ከቤትህ አይለይ። ስቲናም ቫልዲም ሰላም ብለውሃል። ኤናርም ብለውሃል፣ ስምህን ሳይስቱ።

ቤቱን አትሽጠው። በቅጡ አላየሁትም ገና።

ያንተዋ፣
ቶራ